ሳውና የገቡ ጎማዎች

«ታይስቶ ጎማዎቹን ሳውና ያስገባቸዋል።»

ጎማ፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ! ይህን ወሬ ሂልካ ያልነገረችው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ሂልካ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ የመኪና ውድድር በተደረገ ቁጥር ዳሩ ላይ ድንኳን ተክላ ቋሊማና የአተር ሾርባ የምትሸጥ ሴት ናት። ቋሊማውን ሰናፍጭ ትቀባልህና ወሬውን በነፃ ትመርቅልሃለች።

«በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ትላለች። «በውድድሩ ቀን ጠዋት፣ በዛፎቹ መሃል አጮልቄ። ከሳውናው ጎማ ተሸክሞ ሲወጣ! ሲያሞቃቸው አድሮ ነዋ። ለዚህ እኮ ነው የማይሸነፈው።»

«ሂልካ» አልኳት አንድ ቀን አፌ እንደሞላ፣ «ጎማው በዚህ ብርድ ከሳውና ወጥቶ ሐይቁ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቋሊማሽ እንኳ ይቀዘቅዛል።»

«የኔ ቋሊማ አይቀዘቅዝም!»

«ቀዝቅዟል። እየበላሁት ነው።»

ስሜ ሳይሚ ነው። ጎማ መፍታትና መግጠም የጀመርኩት ክሪኩን በሁለት እጄ አንስቼ በማልጨርስበት ዕድሜ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አጎቴ ያልማሪ «እኔ አስተማርኳት» ይላል፤ ከእሱ የተማርኩት ስድቡን ነው፣ ሌላውን እያየሁ ሰረቅኩት። ጎማ ቤቱ የእሱ ነው። መንደራችን መግቢያ ላይ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መንገዱ ሁሉ በረዶ በሆነበት አገር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ሰው የሚበዛበት ቤት ነው።

አጎቴ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ጎማውን አይደለም፣ ሰውየውን ነው። ቤትህ ዳገት ላይ ነው ወይ? ጠዋት የምትወጣው መንገዱ ሳይጠረግ ነው? በረዶ ላይ ስትንሸራተት ፍሬን ትረግጣለህ ወይስ ትጮሃለህ? ከዚያ በኋላ ነው በረዶ እንዲነክስ ጥቃቅን ምስማር የተተከለበትን ወይም ምስማር የሌለውን፣ ሰፊውን ወይም ጠባቡን ከመደርደሪያ የሚያወርደው። ተሳስቶ አያውቅም ማለት አልችልም፣ ግን በእሱ ጎማ ሄዶ ቦይ ውስጥ የገባ ሰው ካለ ራሱ ፈልጎ የገባ ነው።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከጎማ ክምር ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እያሸ፣ «ይሄ ጉልበት አበቃ» አለኝ። «ታይስቶ ጎማ ቤቱን ልግዛህ ብሎኛል።»

ታይስቶ ከሐይቁ ማዶ ብቻውን የሚኖር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። በሃውኪላምፒ ሐይቅ በረዶ ላይ ማንም ቀድሞት አያውቅም።

«ገዝቶ ምን ሊያደርግበት?»

«አሮጌ መኪኖቹን ሊያቆምበት።»

«እኔስ? እኔ የት ልቁም?»

«አንቺ መቼ ቆመሽ ታውቂያለሽ?»

ቁልፍ መፍቻውን መሬት ላይ ጣልኩት። ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ እኔ ልናገር ካሰብኩት የተሻለ ነበር። አጎቴ መፍቻውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋና «እሺ» አለ። «በየካቲቱ ውድድር ታይስቶን ቅደሚው። በራስሽ መኪና፣ ራስሽ በመረጥሽው ጎማ። ታይስቶን በረዶ ላይ የቀደመ ሰው ለዚህ መንደር ጎማ ይምረጥ፤ የጎማ ቤቱን ቁልፍ እሰጥሻለሁ። ካልቀደምሽው ግን ለእሱ እሸጣለሁ። እንዳታለቅሺብኝ።»

«እኔ? የዘንድሮ ለቅሶ የታይስቶ ተራ ነው።»

እንዲህ ማለት ቀላል ነው። መኪናዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ድሮ ቀይ ነበረች፣ አሁን ቀለሟ ምን እንደሆነ ሁለት ሰው አይስማማም። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው፣ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። የቀረኝ ጎማ ነበር። በረዶ ላይ ደግሞ ጎማ ካልሆነልህ ሞተር ጩኸት ብቻ ነው።

በእኛ ውድድር ሕግ ጎማው መንገድ ላይ የሚነዳበት ዓይነት መሆን አለበት፤ ቤትህ ውስጥ ምስማር ቀጥቅጠህ መምጣት የለም። ምስማር የሌለውን ወዲያው ተውኩት። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ለከተማ መንገድ ደግ ነው፣ መስታወት የመሰለ የሐይቅ በረዶ ላይ ግን ለዳንስ ካልሆነ አይሆንም። ከባለ ምስማሮቹ ሰፊውን መረጥኩ። አዲስ ነው፣ ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ምስማሩ ከዳር እስከ ዳር ነው። ሳየው ብቻ ልቤ ይመታ ነበር።

አጎቴ ዞሮ አየውና «ሰፋ» አለ።

«መስፋቱ አይደል ጥሩነቱ!»

«እም» አለ።

የአጎቴ «እም» ሙሉ ስብከት ነው። ግን ምርጫው የእኔ ነውና ሁለተኛ አልተነፈሰም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው? ምን ቸግሮኝ?

አዲስ ባለ ምስማር ጎማ ገጥመህ ዘለህ አትበርርም። ምስማሩ ላስቲኩ ውስጥ እስኪረጋ በእርጋታ መንዳት አለብህ፤ ፍሬን ሳትረግጥ፣ ነዳጅ በኃይል ሳትሰጥ፣ እንደ ሙሽራ። እኔ፣ ሳይሚ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመንደሩ መንገድ እንቁላል እንደጫነ ሰው እየተሳብኩ ዞርኩ። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ወንበሯን በእግሯ እየገፋች ወደ ሱቅ የምትሄድ አሮጊት አልፋኝ ሄዳ፣ ዞር ብላ «ነዳጅ አለቀብሽ ወይ፣ ልጄ?» ብላኛለች። ታገስኩ። ላስቲኩ ምስማሮቹን እያቀፈ ሲመጣ በመሪው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ መኪናዋ በየቀኑ መሬቱን ጠበቅ፣ ጠበቅ ታደርጋለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም! ውድድሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጎማዎቹን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጎማ ቤቱ ውስጥ ደረደርኳቸው።

የእኛ የሳውና ቀን ቅዳሜ ነው፤ በእኛ አገር ሳውናው የማይሞቅ ቤት ሰው እንደሌለበት ይቆጠራል። ዓርብ አመሻሽ ላይ ግን አጎቴ «ነገ ውድድር ነውና ዛሬ ላሙቀው» ብሎ ራሱ እንጨት ተሸክሞ ገባ። ሰውየው እንጨት ራሱ ሲሸከም መጠርጠር ነበረብኝ። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ተራዬን ስጠብቅ ሽታ መጣብኝ። የሚቃጠል የበርች ማገዶ ሽታ አይደለም። ሮጥኩ። በሩን በረገድኩት።

አራቱ ጎማዎቼ ላይኛው አግዳሚ ላይ እንደ አራት ሽማግሌ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አጎቴ ከነሥራ ሱሪው ታችኛው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱ ቀይ ሥር መስሎ፣ ምድጃው ላይ በጋሉት ድንጋዮች በጭልፋ ውሃ ይረጭላቸዋል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ዝጊው፣ ሙቀቱ ይወጣል።»

«አጎቴ!»

«ታይስቶ እኮ ያደርገዋል! ሂልካ በዓይኗ አይታ...»

«ሂልካ በዓይኗ ያየችውን ብንቆጥር ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ነባሪ አለ!»

በጓንት እየያዝኩ አንድ በአንድ አውጥቼ ደጁ ላይ በረዶው ውስጥ ጣልኳቸው። እንደ ተቆጣ ድመት ፍሽሽ አሉ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ምስማር በጣቴ ነካሁት፤ ተነቃነቀ። ሳብ አደረግኩት፤ እጄ ላይ ቀረ። ሌላውንም። ላስቲኩ በሙቀቱ ላልቶ፣ ሁለት ሳምንት እሹሩሩ ያልኳቸውን ምስማሮች እንደ ወተት ጥርስ ይተፋቸዋል።

አክስቴ ሌምፒ በምሽት ልብሷ ከቤት ወጣች። «ምንድነው ይሄ ሽታ? ሰው ተቃጥሎ ነው?»

«ጎማ ነው» አልኳት።

«በሳውናው? በእናቴ ሳውና?» ዓይኗ ወደ ባሏ ዞረ። «ያልማሪ! እኔ የተወለድኩት እዚህ ሳውና ውስጥ ነው!»

«እና አንቺ ምን ሆንሽ?» አለ አጎቴ። «ጠንክረሽ ወጣሽ።»

«እኔ ጎማ ነኝ?!»

እሷ ጭልፋውን ነጥቃው ወደ ቤት ገባች። አጎቴ እኔ ዘንድ መጥቶ በረዶው ላይ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ጮኸ። አንዱን የወለቀ ምስማር አንስቶ መዳፉ ላይ እያንከባለለ «እንድትሸነፊ አልፈለግኩም» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለምስማሩ።

«ውርርዱን ያመጣኸው እኮ አንተ ነህ!»

«አውቃለሁ።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። እሱ ያስተማረኝ ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩትና የወለቁትን ምስማሮች ከበረዶው ውስጥ መልቀም ጀመርኩ።

በነጋታው ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር። ማታውን ነፋስ ሐይቁ ላይ የነበረውን ብናኝ በረዶ ጠራርጎ ወስዶት፣ የውድድሩ ዙሪያ እንዳለ ወደ ጥቁር መስታወት ተለውጧል። አዲስ ጎማ ለማላመድ ጊዜ አልነበረምና መኪናዬን ከጎማ ቤት ጓዳ ያገኘሁትን አሮጌ፣ ሰፊ፣ ግማሽ ምስማሩ የረገፈ ጎማ አጥልቄላት ነው የመጣሁት። ለሙከራ አንድ ዙር ስነዳ ሁለቴ ፊቷን ወደመጣችበት አዞረች። መጀመሪያ ላይ የሳቀው ሕዝብ ለሁለተኛው አጨበጨበ።

ታይስቶ መጥቶ ጎማዬን አየ። በትህትና ነው የሚያየው፣ እሱ ነው የሚያናድደው። «የጎማ ቤት ልጅ ናት ይሉኝ ነበር» አለ።

«ዳቦ ጋጋሪ ቤት ትኩስ ዳቦ አይገኝም» አልኩት። መልሱ ራሴንም አላረካኝም።

ሂልካ ድንኳኗ ደጃፍ ላይ ሆና «ታይስቶ እንኳ ሳውና ያስገባል፣ እናንተ ግን...» ስትል አጎቴ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

እንግዲህ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ከመንገዱ ወደ ሐይቁ የሚያወርድ፣ በበጋ ጀልባ የሚሳብበት አጭር ቁልቁለት አለ። ያን ጠዋት መስታወት ለብሷል። የእሳት አደጋ ተጠባባቂዎቹ መኪና መልሶ ሊወጣው ሲታገል፣ ጎማው እየተሽከረከረ፣ አራት ሰው ከኋላ እየገፋው፣ አሁንም እዚያው ነው። በዚህ መሃል የአክስቴ ሌምፒ ትንሽ ሰማያዊ መኪና ከላይ ብቅ አለች። ለሂልካ የምታቀብለውን የሄል ዳቦ በትሪ ጭና ነው። ጎናቸው ደርሳ ቀስ ብላ ወረደች፤ ትሪዎቹን ሰጠች፤ ዞረች፤ የረሳችው ማሰሮ ኖሮ ልታመጣ ደግሞ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ወጣችው። ወጣችው! አንድም ጊዜ ሳትንሸራተት፣ የሚገፉትን ሰዎች በትህትና በጥሩምባ ሰላም ብላ፣ ቤቷ ደረጃ እንደምትወጣ ሴት።

እጄ ላይ የነበረው ቡና ፈሰሰ።

አክስቴ እነዚያን ጎማዎች ሁለት ክረምት ነድታባቸዋለች። ጠባቦች ናቸው፤ አጎቴ ነው የመረጠላት። ጎማ ሲጠብ የመኪናው ክብደት በሙሉ ትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ምስማሩም በረዶውን እንደ ጥርስ ይነክሳል። ደግሞ በዚህ አገር እንደ አክስቴ በእርጋታ የሚነዳ ሰው የለም፤ በየሳምንቱ አሮጊት መዘምራኑን ወደ ልምምድ ታመላልሳለች፣ ፍሬን ስትይዝ የአንዷም ኮፍያ አይነቃነቅም። ሁለት ክረምት ሙሉ ምስማሩን እንደ ሙሽራ ስትንከባከበው ኖራለች፣ ሳታውቀው። እኔ ሁለት ሳምንት! «እም» ያለኝ ይህንን ነበር። ሰፊውን ጎማ ስመርጥ የመረጥኩት በዓይኔ ነው፣ በክብደት አይደለም።

የአክስቴ መኪና የእኔዋ ታናሽ እህት ናት፤ ከአንድ ፋብሪካ ወጡ፣ ብሎናቸው አንድ ነው።

«አክስቴ!» ማሰሮውን ይዛ ስትወርድ እየሮጥኩ ነው የምጮኸው። «ጎማሽን!»

«ምን ሆነ ጎማዬ?»

«ስጪኝ!»

«እኔስ በምን ልመለስ?»

«በእነዚህ» አልኳት የእኔን እያሳየሁ።

«እነዚህማ ላንቺም አልሆኑ! ነገ መዘምራኑ እኮ...»

አጎቴ ሲደርስ አላየሁትም። ጉልበቱ አበቃ የተባለው ሰውዬ ክሪክ ታቅፎ ያንን ቁልቁለት በቂጡ ተንሸራቶ መጣ። ጎማዎቹን አየ። እኔን አየ። ፈገግ ሊል ሲል ከንፈሩ በብርዱ ተሰነጠቀ። «ጠባብ» አለ።

«ዝም በል። አንሣ።»

«ሌምፒ፣ ከመኪናው ውረጂ!»

«አልወርድም!»

«እንግዲያው ከነአንቺ ነው የማነሣው!» ክሪኩን አስገባና ማንሣት ጀመረ። አክስቴ ከነመኪናዋ በአንድ ጎን ብድግ ስትል ማሰሮዋን አቅፋ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ወረደች። ብሎኖቹ በብርዱ ጣት ላይ ይጣበቃሉ። ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ጣልኩ። ስምንቱን ጎማ እኔና አጎቴ ፈታን፣ ገጠምን፤ እጄን ስዘረጋ የምፈልገውን መፍቻ ያውቃል፣ እሱ ሲዘረጋ እኔ አውቃለሁ። የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ የመጀመሪያው ዙር ተጠርቶ ነበር።

ታይስቶ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ አየኝ። «የብስክሌት ጎማ ነው?»

«አዎ። አንተን ለመቅደም ሞተር አላስፈለገኝም።»

ይሄኛው መልስ አረካኝ።

ማጣሪያዎቹን አልፌ መጨረሻው ዙር ላይ ስደርስ ሕዝቡ መሳቁን ትቶ ነበር። ስድስት መኪና ጎን ለጎን ተሰለፍን። ታይስቶ በውስጠኛው በኩል፣ እኔ በዳሩ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሰፋፊ ጎማ ያጠለቁት ጓዶች ጎማቸው ባለበት እየዞረ፣ በረዶውን እየላጠ፣ እንፋሎት ሲያነሡ የእኔዋ ነከሰችው! ወደፊት! ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ስንደርስ ሦስቱን ጥያቸዋለሁ፤ አንዱ መደገፊያ ሳያገኝ ሐይቁ ዳር እስካለው ቄጠማ ድረስ በጎኑ እየሄደ እጁን ያወዛውዛል።

ታይስቶ ግን ታይስቶ ነው። መኪናውን ያን መስታወት ላይ እንደ ክር ይመራታል፤ ኩርባው ከመድረሱ በፊት አፍንጫዋን አዙሮ፣ በጎኗ አስገብቶ፣ ቀጥ አድርጎ ያወጣታል። ያምራል። እየጠላሁት አየሁት። በየኩርባው እቀርበዋለሁ፣ በየቀጥታው መስመር ሞተሩ ይወስደዋል። አንድ ዙር። ሌላ። ከሕዝቡ መሃል የሞተሩን ጩኸት በጥሶ የሚመጣ አንድ ድምፅ ነበር፤ የአክስቴ የመዘምራን ድምፅ።

«ሳይሚ! ቀስ በይ! ጎማዬን!»

የመጨረሻው ዙር የመጨረሻው ኩርባ። በረዶው እዚያ ጋ በመኪኖቹ ብዛት ተፍቆ ተወልውሎ ሰማዩን ያሳይ ነበር። ታይስቶ እንደ ልማዱ ቀድሞ ጎኑን ሰጠ። ጎማው ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ፣ ለቀቀ፤ መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ፈቀቅ አለ። አንድ ክንድ! ፍሬን አልረገጥኩም። አክስቴ ማሰሮ ጭና እንደምትዞረው፣ መሪውን በሁለት ጣት እየያዝኩ በዚያች ክፍተት ቀስ ብዬ ገባሁ። ለኩርባው ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ነዳጁን እስከ ወለሉ! ምስማሮቹ በረዶውን ሲነክሱት ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። በር ለበር ሆንን። ፊቱን አየሁት፤ ዝምተኛው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ይጮሃል። ከዚያ አላየሁትም፤ ከኋላዬ ነበር።

ባንዲራው ሲወርድ በመኪና አፍንጫ ያህል ቀድሜዋለሁ።

ከመኪናዬ ወጥቼ መጮሄን አስታውሳለሁ፣ ምን ብዬ እንደጮህኩ ግን አላስታውስም፤ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አይደገምም ትላለች። አጎቴ አጠገቤ መጥቶ ካፖርቱን ሲፈትሽ ቆየ፤ ከአንዱ ኪስ ምስማር ወጣ፣ ከሌላው መሐረብ፣ በመጨረሻ የጎማ ቤቱ ቁልፍ። መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ብረቱ ከኪሱ ሙቀት የተነሣ ይሞቅ ነበር።

«ሰኞ በጠዋት ነው የሚከፈተው» አለ። «እንዳታረፍጂ።»

በውድድራችን አንድ ሕግ አለ። የተወዳደረ መኪና ሁሉ የመስመሩን ጫፍ ሲያልፍ በነበረበት ሁኔታ ለሽያጭ ይቀርባል፣ ዋጋውም ለሁሉም አንድ ነው። መግዛት የፈለገ ስሙን በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ ሰው ከበዛ ዕጣ ይወጣል። አልሸጥም ያለ ከዚያ ወዲያ በረዶ ላይ አይወጣም። ሕጉ የወጣው ማንም በገንዘቡ ብዛት እንዳያሸንፍ ነው፤ ለእኔ መኪና በተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ወረቀቱ ተጨናንቆ ነበር።

ዕጣው ለታይስቶ ወጣ።

መኪናዬን ገንብቻት ነበር፣ ሌላ እገነባለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አክስቴ ግን ዳኛው ፊት ቆመች። «ጎማው የእኔ ነው።»

«የመስመሩን ጫፍ ሲያልፍ የማን እግር ላይ ነበር?» አለ ዳኛው።

«የሳይሚ መኪና።»

«እንግዲያው የታይስቶ ነው።»

አክስቴ ዳኛውን በሚቀጥለው ፋሲካ መዝሙር ላይ እንደማትረሳው ነግራው ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎማውን ልናስመልስ ሦስታችንም በአጎቴ መኪና ሐይቁን ዞረን ታይስቶ ግቢ ገባን። መኪናዬ በረንዳው ሥር ቆማለች። ሰውየው ሲያየን አልተገረመም። ቡና አቀረበ፣ የሱቅ ብስኩት አቀረበ። አክስቴ ራሷ ጋጋሪ ሆና ሳለ ብስኩቱን በላችው፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው።

«ጎማሽን እመልስልሻለሁ» አላት። «እኔ ሌላ አለኝ። ደግሞ...» ወደ እኔ ዞረ፣ «ያን ኩርባ እንደዚያ ዝግ ብሎ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እሷ ናት ያስተማረችኝ» አልኩ አክስቴን እያሳየሁ። ቃሉ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፣ ወጣ።

«ብርድ ላይ ነው የመጣነው፣ ታይስቶ» አለች አክስቴ ለስለስ ብላ። «ሳውናህን ብታሞቅልን።»

ሰውየው ሲኒውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ።

አጎቴ ግን ከዓርብ ጀምሮ ሲያብሰለስለው የነበረ ጥያቄ ነበረና አልቻለም። «ጎማዎቹንስ ስንት ዲግሪ ነው የምታደርጋቸው? እኔ ሰማንያ ነበር ያደረግኩት። በዛ እንዴ?»

ታይስቶ የብስኩቱን ሳህን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ተነሣ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ተከተሉኝ ሳይል ወጣ። ተከተልነው። ሳውናው ከዛፎቹ መሃል፣ ሂልካ ታጮልቅበት ከነበረው ቦታ ትይዩ ነው። በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው፤ ማጠፊያው በበረዶ ተይዞ ነበር።

አግዳሚዎቹ ላይ ጎማ ተደርድሯል፣ ከታች እስከ ላይ፣ በንጽህና። ግድግዳው አመዳይ ለብሷል። ምድጃው መኖር በነበረበት ጥግ ላይ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፤ ድንጋዮቹ ባልዲ ውስጥ ናቸው።

«ምድጃው የተሰነጠቀው እናቴ በሞተችበት ክረምት ነው» አለ ታይስቶ። «አላሠራሁትም። የምታጠበው ከተማ ነው። ሂልካ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ጎማ የሚቀቅል አታላይ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሳውናው የቀዘቀዘ ሰው ከሚሉኝ።»

አጎቴ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም አወለቅኩ። ከላይኛው አግዳሚ በላይ አንድ የእንጨት ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤ የሳውና ስለሆነ ከዜሮ በታች የተጻፈ ቁጥር የለውም። መርፌው ከመጨረሻው ምልክት በታች ወርዶ፣ ባዶው እንጨት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።